ለቤት ውስጥ እንጨት ማቅለሚያ ሲመረጥ

የእንጨት ማቅለሚያ ሊገዛ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሱቅ ውስጥ ከተሰቀለው የቀለም ናሙና ነው፤ መጀመር የነበረበት ግን ቤቱ ካስቀመጠው ጣውላ ነው። ማቅለሚያ እንደ ቀለም እንጨቱን የሚሸፍን ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚሰርግ በመሆኑ፣ የመጨረሻው መልክ የሚወሰነው በእንጨቱ የራሱ መልክ ጭምር ነው።

በጣና ሐይቅ ዳር፣ በዘጌ፣ የቡናው ጥላ ሆኖ የምናየው ዋንዛ ልቡ ቡናማ ስለሆነ ጠቆር ያለ ማቅለሚያ አያሻውም፤ ብዙ ጊዜ ቫርኒሽ ብቻውን ይበቃዋል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ክፍል ግን ነጣ ያለ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ከወደቁ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ማቅለሚያ በነጩ ላይ ደግሞ በመቀባት ማቀራረብ ይቻላል። ቀላ ያለውን የሐበሻ ጥድ ማቅለም፣ በእኔ እምነት፣ እንጨቱን መበደል ነው። አስቸጋሪው የፈረንጅ ጥድ ነው፤ ማቅለሚያውን እኩል ስለማይመጥ ይዥጎረጎራልና፣ ለእርሱ ወደ ውስጥ ብዙ የማይሰርግ ወፈር ያለ ማቅለሚያ ይመረጣል። ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ኤምዲኤፍ የእንጨት መስመር ስለሌለው ቀለም ቢቀባ ይሻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመጽሐፍ መደርደሪያዬ በሱቅ አምፖል ሥር ያማረኝን ጥቁር ቡናማ ገዝቼ ሳልሞክር ቀባሁት። በማግስቱ ከሐይቁ በኩል ባለው መስኮት የገባው ብርሃን ሲያርፍበት መደርደሪያው ከሰል መስሎ አገኘሁት። የነጣን ማጥቆር ይቻላል፤ የጠቆረን ማንጣት ግን ፍቆ እንደገና መጀመር ስለሆነ፣ ሁለት ቀን ከብርጭቆ ወረቀት ጋር ታገልሁ።

ስለዚህ ከዚያው ጣውላ የተረፈ ቁራጭ ይያዙ። እንደ ዋናው ሥራ በ120 ከዚያም በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ይፈግፍጉት፤ ከዚህ በላይ ከለሰለሰ የሚጠጣው ይቀንሳል። ማቅለሚያውን በጨርቅ ይቀቡና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ትርፉን ይጥረጉ። ሲደርቅ ግማሹን ቫርኒሽ ይቀቡት፤ ቫርኒሽ መልኩን ስለሚያደምቀው፣ ሊፈርዱ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ቁራጩንም ዕቃው በሚቀመጥበት ክፍል፣ ቀን በመስኮት ብርሃን፣ ማታም በመብራት ይዩት።

ዘይት ነክ የሆነው ማቅለሚያ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለሰፊ ጠረጴዛ ተረጋግቶ ለመጥረግ ጊዜ ይሰጣል፤ ሽታው ግን ብርቱ ነውና መስኮት ይከፈት። በውሃ የሚቀጥነው ሽታው ቀላል ሆኖ ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን የእንጨቱን ቃጫ ስለሚያስነሣ፣ አስቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ አብሶ፣ ሲደርቅ በስሱ መፈግፈግ ያስፈልጋል። የተለያዩ ጣሳዎችን መቀላቀል የሚቻለው ዓይነታቸው አንድ ከሆነ ብቻ ነው።

ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የባሕር ዳር እርጥበት፣ ጣሳው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት አይበቃም፤ ጣት ሲነካው ከተጣበቀ ቫርኒሹ ለነገ ይቆይ።