የአሳድን ቤት በሰባት ሜትር ሲባጎ ማስተማር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የታሪክ ክበቦች

ሶሪያን ከ1970 እስከ 2024 የገዛውን የአሳድ ቤተሰብ ታሪክ ለአርባ ያህል ተማሪ በ90 ደቂቃ ለማቅረብ ፕሮጀክተር አያስፈልግም፤ መብራት ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ሲባጎ ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከሰኞ ገበያ 7 ሜትር ሲባጎ ግዙ። 14 የልብስ መቆንጠጫ፣ ከካርቶን የተቆረጡ የደብተር ገጽ የሚያህሉ ካርዶች፣ ጥቁርና ቀይ ማርከር፣ ሜትርና አምስት ሚስማር ጨምሩበት። አዲስ ሲባጎ ይለጠጣል፤ የጦሳ ተራራ ጉም በሚለብስበት ወቅት ደግሞ በርጥበት ርዝመቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ክብደት አንጠልጥሉበትና ይወጠር። ዓመት ለማመልከት ቋጠሮ አትቋጥሩ። አንድ ቋጠሮ ከሲባጎው ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ይበላል፤ በዚህ ልኬት ያ ማለት ከአንድ ወር በላይ ነው፤ አምስተኛው ቋጠሮ ላይ ስትደርሱ ታሪኩ ግማሽ ዓመት ተንሸራቷል። በማርከር ብቻ አስምሩ።

ልኬቱ ለአንድ ዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ከግራ ጫፍ 90 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ ዜሮን ምልክት አድርጉ፤ ይህ ኖቬምበር 13, 1970፣ ሃፌዝ አል-አሳድ የገዛ ፓርቲውን ጓዶች ገልብጦ ሥልጣን የያዘበት ቀን ነው። ከዜሮ ወደ ግራ 77 ሴንቲ ሜትር ላይ ማርች 8, 1963 ይውላል፤ የሃፌዝ ፓርቲ ባዝ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ላይ የመጣበት። ወደ ቀኝ ደግሞ፦ 1 ሜትር ከ12 የሐማ ከተማ ጭፍጨፋ፤ 2 ሜትር ከ32 የሃፌዝ ልጅና ወራሽ ባሲል በመኪና አደጋ የሞተበት፤ 2 ሜትር ከ96 የሃፌዝ ሞትና የሌላው ልጁ የበሽር መተካት፤ 4 ሜትር ከ3 በኋላ ጦርነት ያስከተለው የዳራ ከተማ ሰልፍ፤ 4 ሜትር ከ28 በደማስቆ ዳርቻ የጉታ የኬሚካል ጥቃት፤ 4 ሜትር ከ49 የሩሲያ አየር ኃይል መግባት፤ 5 ሜትር ከ40 የበሽር ሽሽት። በየሜትር ተኩሉ አንድ ሚስማር ካልመታችሁ ካርዶቹ ሲሰቀሉ ሲባጎው መሐሉ ላይ ይጎብጣል።

በካርዶቹ ላይ ቀን ስትጽፉ አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት። ሃፌዝ ሥልጣን የያዘው በእኛ ኅዳር 4, 1963 ዓ.ም. ነው። ባዝ የመጣው ደግሞ በፈረንጆቹ 1963 ነው፤ በእኛ የካቲት 29, 1955 ዓ.ም.። አንዱ ተማሪ ከአማርኛ ጽሑፍ፣ ሌላው ከእንግሊዝኛ ቀድቶ ሲመጣ ሁለቱ 1963ዎች አንድ ካርድ ላይ ይጋጫሉ፣ ሃፌዝም ሰባት ዓመት ይረዝምለታል። ፈረንጁን በጥቁር፣ የእኛን በቀይ ጻፉ። መጨረሻውም በኅዳር ነው፦ ዲሴምበር 8, 2024፣ ኅዳር 29, 2017 ዓ.ም.። በሽር የተወለደው ሴፕቴምበር 11, 1965 ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዕለት መሆኑን ከነገራችኋቸው ማንም አይረሳውም።

ከማብራሪያው ሰፊውን ጊዜ ለሐማ ስጡ። በፌብሩዋሪ 1982 የሙስሊም ወንድማማቾች አመፅ በተነሳባት ከተማ ላይ ጦሩ፣ በተለይ የሃፌዝ ወንድም ሪፋአት የሚመራው ኃይል፣ ለሳምንታት ከበባና ድብደባ ፈጸመ። የሟቾች ግምት ከ10,000 እስከ 40,000 ይደርሳል። ካርዱ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩ ይህን ያህል የተራራቀው ለሠላሳ ዓመት አገር ውስጥ ጮክ ብሎ የሚቆጥር ስላልነበረ ነው፤ ተማሪው ይህን ከያዘ ግማሹ ሥራ አልቋል። ከሐማ እስከ ባሲል ሞት ሲባጎው ባዶ ይመስላል። ባዶ አይደለም፦ 1 ሜትር ከ30 ላይ፣ በኖቬምበር 1983፣ ሃፌዝ በልብ ሕመም ወደቀ፤ በማግሥቱ ዓመት ሪፋአት ታንኮቹን ደማስቆ ውስጥ አሰለፈ፣ በመጨረሻም ምክትል ፕሬዚዳንት የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት ከአገር ተሸኘ። ሃፌዝ ከወንድም ይልቅ ልጅ ወደ ማዘጋጀት የዞረው ከዚህ በኋላ ነው።

ልጁ ባሲል ጃንዋሪ 21, 1994 ሲሞት ለንደን የዓይን ሕክምና ይማር የነበረው በሽር ተጠራ። ጁን 10, 2000 አባት እንደሞተ ምክር ቤቱ በዚያው ቀን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 83 አሻሻለ፤ የፕሬዚዳንት ዝቅተኛ ዕድሜ ከ40 ወደ 34 ወረደ። የበሽር ዕድሜ ስንት ነበር? መልሱን አትንገሩ፤ ከልደት ቀኑ ራሳቸው ያስሉት። መድረሳ የተማሩ ልጆች ዐረቦቹ ለዚህ ዓይነት አገዛዝ ያወጡትን ስም ወዲያው ይፈቱታል፦ ጁምሉኪያ፣ ጁምሁሪያና መለኪይያ የሚሉት የዐረብኛ ቃላት ተዳቅለው፤ ሪፐብሊክም ንጉሣዊም የሆነ።

ቀጥሎ የመቆለፊያው ልምምድ፣ አገዛዙ መፈንቅለ መንግሥትን እንዴት እንደቆለፈ የሚያሳየው፤ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። አራት ተማሪ አስነሱና ስም ስጧቸው፦ ወታደራዊ ደኅንነት፣ የአየር ኃይል ደኅንነት፣ አጠቃላይ ደኅንነት፣ የፖለቲካ ደኅንነት። ሶሪያውያን ሁሉንም በአንድ ቃል ሙኻበራት ይሏቸዋል። አራቱም ሳይተያዩ ስለ አንድ አምስተኛ ተማሪ አለባበስ ሦስት መስመር፣ ስለ እርስ በርሳቸው ደግሞ አንድ መስመር ጽፈው ለስድስተኛው፣ ለፕሬዚዳንቱ፣ ያስረክባሉ። ወረቀቶቹ ሲነበቡ ክፍሉ ይስቃል፤ ይሳቅ። ከዚያ ጠይቁ፦ ከአራቱ አንዱ መፈንቅለ መንግሥት ቢያስብ ለማን ይነግራል? እስርና ምርመራ ግን አታስመስሉ። ከሰይድናያ እስር ቤትም ሆነ “ቄሳር” የተባለው ከድቶ የወጣ ፎቶግራፍ አንሺ ይዟቸው ከሄደው ከ50,000 በላይ ምስሎች አንድም ፎቶ አታሳዩ፤ ቁጥሩ ይበቃል። እዚህ ከተማ የ2014 ዓ.ም.ን ጦርነት በዓይኑ ያየ ልጅ በየመቀመጫው አለ።

አባትና ልጅ በሕዝበ ውሳኔና በምርጫ አገኘን ያሉት የድምፅ መቶኛ ላይ ብዙ አትቆዩ። 99.2፣ 97.3፣ 97.6፣ 88.7፣ 95.1 ብላችሁ ሰሌዳው ላይ ጻፉና ጦርነት ውስጥ ሆኖ የተገኘው የትኛው እንደሆነ አስገምቱ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ 2014 እና 2021። አንዱ ተማሪ የኛን የ2007 ዓ.ም. ምርጫ ማንሳቱ አይቀርም፤ ሁለት ደቂቃ ስጡትና ወደ ሲባጎው ተመለሱ።

ውይይቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፦ ቤተሰቡ አለዊ፣ ማለትም ከሺዓ ጋር የሚዛመድ የአናሳ እምነት ተከታይ፣ መሆኑ ሲነገር ነገሩ ሁሉ የሱኒና የሺዓ ጠብ ይሆንና ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ወሎ ውስጥ ይህን ማብረድ ለማንም አይከብድም፣ ነገር ግን በማስረጃ ይሁን። ከ1972 እስከ 2004 የመከላከያ ሚኒስትር የነበረው ሙስጠፋ ጥላስ ሱኒ ነው። ለረጅም ዘመን ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው አብዱል ሐሊም ኻዳምም እንዲሁ። አለዊ ሆነው አገዛዙን ተቃውመው የታሰሩም ነበሩ። የጸጥታው ቁልፍ ቦታ በዘመድና በአለዊ መኮንኖች እጅ እንደነበረም እውነት ነው፤ ሁለቱ አብረው ካልተነገሩ ትምህርቱ ጎደሎ ነው። ሌላው ስም መቀላቀል ነው፦ የኢራቁ የሳዳም ባዝና የሶሪያው ባዝ ባላንጣዎች ነበሩ፤ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ሃፌዝ የወገነው ለኢራን ነው። የበሽር ምክትል የነበረው ፋሩቅ አል-ሻራ እና ከበሽር በኋላ የሽግግር ፕሬዚዳንት የሆነው አሕመድ አል-ሻራም የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

የዳራ ሰልፍ ካርድ ላይ የከተማዋ ልጆች ግድግዳ ላይ የጻፉትን አስፍሩ፦ “ኢጃክ አድ-ዶር ያ ዶክቶር”፣ ተራህ ደርሷል ዶክተር። ከዚያ ካርድ እስከ መጨረሻው 1 ሜትር ከ37 ነው። ተማሪ በእጁ እየዳሰሰ ይሂድበት፤ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ሕዝብ ከግማሽ በላይ የተፈናቀለው በዚህች ርዝመት ውስጥ ነው። ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ አቅርቡ፦ ኖቬምበር 27, 2024 ከሰሜን ምዕራብ ሶሪያ፣ ከኢድሊብ፣ የተነሳው የአማፂያን ማጥቃት ደማስቆ እስኪገባ 12 ቀን ፈጀ። በሲባጎው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመቆንጠጫው አፍ ራሱ ከዚያ ይሰፋል። 54 ዓመት የቆየው በ3 ሚሊ ሜትር እንዴት ፈረሰ? መልሱን ከ3ቱ ሚሊ ሜትር ውስጥ የሚፈልግ አያገኘውም። ወደ ግራ መልሷቸው፦ የበሽር አጋር ሩሲያ በዩክሬን ተጠምዳ ነበር፣ ሌላው አጋሩ የሊባኖሱ ሄዝቦላህ ከእስራኤል ጋር ተዋግቶ ተዳክሞ ነበር፣ ወታደሩንም ደመወዙ አያኖረውም ነበር። በሽር ደመወዝ በ50 በመቶ ይጨመር ብሎ ያዘዘው ዲሴምበር 4 ነው፤ አሌፖ ከእጁ ወጥታለች፣ ሐማ በማግሥቱ ወደቀች።

ከ5 ሜትር ከ40 በኋላ የተረፈውን ሲባጎ አትቁረጡት። አሕመድ አል-ሻራ የሽግግር ፕሬዚዳንት የተባለበት ጃንዋሪ 29, 2025 ከሽሽቱ ካርድ አንድ ሴንቲ ሜትር ከግማሽ እንኳ ስለማይርቅ ካርዱን በታች በኩል ስቀሉት፤ አለዚያ ሁለቱ ይደራረባሉ። ስታነሱ ሲባጎውን ካርቶን ላይ ጠቅልሉት እንጂ አትጠፉት፤ ከታጠፈ ምልክቶቹ ይደበዝዛሉ፣ ለሚቀጥለው ክፍልም እንደገና መለካት ይመጣል።