የመኪና አክሰሰሪ መስመር ሲበላሽ፦ ፍተሻው ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ቁልፉ አንድ ደረጃ ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሬዲዮውና የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ኤሌክትሪክ ያገኛሉ። አክሰሰሪ የሚባለው መስመር ይኸው ነው። ከባትሪው ተነስቶ በዋናው ፊውዝ፣ በቁልፉ ማብሪያ ወይም በሪሌ (በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ)፣ በራሱ ፊውዝና በሽቦው አልፎ ሶኬቱ ይደርሳል፤ በማሳ፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በተያያዘው የመኪናው ብረት በኩል፣ ይመለሳል። የሚጠረጠረው ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው። እንዲህም ሆኖ ለአንድ የማይሠራ ሶኬት ዳሽቦርድ ሙሉ ሲፈታ ማየት የተለመደ ነው። (ማንኛውንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ሌላ ቻርጀር ይሰኩ። ለስንቱ ብልሽት መፍትሔው እሱ ነው!)

ፊውዙን ከፍ ማድረግ

ሰማያዊው ባለ15 አምፔር ይቃጠላል፣ ቢጫው ባለ20 ይገባል፣ እሱም ሲቃጠል አረንጓዴው ባለ30። ከዚህ የባሰው ደግሞ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ወይም የሽቦ ክር ጠቅልሎ መሰካት ነው። ፊውዙ የተቀመጠው ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። ለ15 አምፔር ታስቦ በተዘረጋ ሽቦ 30 አምፔር ሲያልፍ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ አጠገቡ የታሠሩትንም ሽቦዎች ይዞ ይነዳል። ሽቦው ፊውዝ ሆነ ማለት ነው፤ የሚቃጠለውም ከዳሽቦርዱ ጀርባ ነው።

ፊውዙ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ፣ የተተካው ወዲያው ሳይቃጠል ከቆየ ጭነቱን ያስሉ። 12 ቮልት በ15 አምፔር ሲባዛ 180 ዋት ነው። ባለ300 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) ሙሉ ሲጫን ከ25 አምፔር በላይ ይስባል፤ ይህን ሶኬቱ አይሸከምም፣ በቀጥታ ከባትሪው የራሱ ፊውዝ ያለው ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል። ጎማ መንፊያም 10 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊስብ ስለሚችል፣ ሌላ ነገር አብሮ ሲሰካ ፊውዙ ቢቃጠል አያስገርምም።

በተለወጠ ቁጥር ወዲያው የሚቃጠል ከሆነ ግን ሾርት አለ፤ ፖዘቲቩ በቀጥታ ማሳውን ነክቷል ማለት ነው። በመጀመሪያ በእጅ ባትሪ ሶኬቱ ውስጥ ይዩ። ወድቆ የገባ ሳንቲም ወይም ከቻርጀር ጫፍ የወለቀ ብረት መሃሉን ከጎኑ ሲያገናኝ ይገኛል። ከሌለ፣ በመስመሩ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ነቅለው በፊውዙ ቦታ ባለ21 ዋት የፍሬቻ አምፖል በሽቦ ያገናኙና ቁልፉን አክሰሰሪ ላይ ያድርጉ። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ሾርቱ አሁንም አለ። ሽቦውን ከፊውዝ ሳጥኑ ጀምረው እየነካኩ ይሂዱ፤ አምፖሉ የጠፋበት ወይም የተርገበገበበት ቦታ የተላጠው ሽቦ ያለበት ነው። አምፖሉ ከ2 አምፔር በታች ስለሚያሳልፍ ፍለጋው አሥር ፊውዝ አይፈጅም፣ ሽቦም አያቃጥልም።

ያለ ጭነት ለክቶ «ኤሌክትሪክ አለ» ማለት

ሰው ብዙ ቀን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። መልቲሜትር (ቮልት፣ አምፔርና ኦም የሚለካው መሣሪያ) ከመስመሩ የሚስበው ከምንም አይቆጠርም። ከሽቦው ክሮች አንዷ ብቻ ቀርታ ሌሎቹ ቢበጠሱ እንኳ 12.6 ቮልት ያሳያል። ጎማ መንፊያው 10 አምፔር ሲጠይቅ ግን ያቺ ክር አትችልም። ባለ ኤልኢዲ ቴስተርም በዚያው መንገድ ያታልላል።

ስለዚህ መስመሩን ያሠሩት። ባለ55 ዋት የፊት መብራት አምፖል ከሶኬቱ መሃልና ጎን ሲገናኝ ወደ 4.6 አምፔር ይስባል፤ ለፍተሻ ይበቃል። አምፖሉ እንደበራ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በሶኬቱ መሃል ያድርጉ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ መንገድ ላይ የሚቀር አለ። ቀጥሎ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሶኬቱ ጎን ይለኩ፤ እዚህ ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ችግሩ ማሳው ነው፦ የላላ ቡሎን፣ ዝገት፣ ወይም ቦዲ ሲቀባ ከሥሩ የገባ ቀለም።

ኪሳራው በፖዘቲቭ በኩል ከሆነ፣ የባትሪውን ጫፍ ሳያነሱ ሌላውን ከሶኬቱ ወደ ፊውዙ፣ ከፊውዙ ወደ ሪሌው ወደ ኋላ ይመልሱ። ንባቡ በድንገት ዝቅ ባለባቸው ሁለት ነጥቦች መካከል ብልሽቱ አለ። ቻርጀር ጫፉ ቀልጦ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባልጠበቀ መጋጠሚያ ላይ 10 አምፔር ሲያልፍ 1 ቮልት ከቀረ፣ አንዲት ነጥብ ላይ 10 ዋት ሙቀት ተጠራቀመ።

ፊውዝን በዓይን መፍረድ

ክሩ ደህና መስሎ ከእግሩ ሥር የተሰነጠቀ ፊውዝ አለ። ሳይነቅሉ በጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ብረቶች፣ ቁልፉ አክሰሰሪ ላይ፣ የመልቲሜትሩ አንድ ጫፍ ማሳ ላይ ሆኖ፣ በሌላው ጫፍ በየተራ ይንኩ። ሁለቱም 12 ቮልት ካላቸው ችግሩ ከፊውዙ ወዲያ ነው፤ አንዱ ብቻ ካለው ፊውዙ ተቃጥሏል። ሁለቱም ከሌላቸው ወደ ሪሌውና ወደ ቁልፉ ማብሪያ ይሂዱ። ሪሌ «ጠቅ» ማለቱ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ማግኔቱ እየሠራ ውስጡ ያለው መጋጠሚያ ሊቃጠል ይችላል። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ከክላክሱ ሪሌ ጋር ቀያይሮ መሞከር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተር ሲነሳ ሬዲዮው ለቅጽበት መጥፋቱ ግን ብልሽት አይደለም፤ መስመሩ ሆን ተብሎ ይቋረጣል።

መልቲሜትሩን አምፔር ላይ አድርጎ ሶኬት ውስጥ መክተት

ይህ ራሱ ሾርት ነው። ወይ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ወይ የመኪናው ይቃጠላል። ኦም (የመስመሩን መቋቋም) ሲለኩም መስመሩ ኤሌክትሪክ ሊኖረው አይገባም።

ቢጫ ሽቦ መብሳት

በብዙ መኪኖች ቢጫ ሶኬትና ሽቦ የኤርባግ ነው። ቴስተር አይንካው። ከመሪው አካባቢ ሲፈቱ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለው፣ ለቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይቆዩ።

የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ማመን

ከቀኝ መሪ ወደ ግራ ተዞረው የመጡ መኪኖች ላይ ሽቦው ተቆርጦ ተቀጥሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ሥዕሉ ላይ ያለውን ሳይሆን እያንዳንዱ ፊውዝ የሚያበራውን ነገር ይፈትሹ። በኋላ የተጨመሩ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ካሜራና ፍጥነት መገደቢያም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠሉት ከዚሁ መስመር ነው። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥል ካገኙ መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ።

ባትሪ የሚጨርሰውን ቸኩሎ መለካት

መኪናው ከተቆለፈ በኋላ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት የሚነበበው ከፍተኛ ቁጥር ምንም አይነግርም። ጤነኛ መኪና ተኝቶ የሚስበው ባብዛኛው ከ50 ሚሊአምፔር በታች ነው። 500 ሚሊአምፔር ከሆነ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይሄዳል፤ ባለ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሁለት ሦስት ቀን ሞተር ማስነሳት ያቅተዋል። ጥፋተኛውን ለማግኘት ፊውዞችን እየነቀሉ አይሂዱ፤ መልሰው ሲሰኩ የተኛውን ኮምፒውተር ይቀሰቅሱታል። መልቲሜትሩን ሚሊቮልት ላይ አድርገው በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ሁለቱን ብረቶች አብረው ይንኩ፤ ዜሮ ያልሆነው ፊውዝ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ነው። ቁልፉ ወጥቶ የአክሰሰሪው ፊውዝ እያሳለፈ ከሆነ፣ የተጣበቀ ሪሌ ወይም በተሳሳተ ቦታ የተቀጠለ ዕቃ አለ።