ፋይሉ አልቋል ወይስ ገና ነው? ከዲስክ፣ ከተርሚናል፣ ከፓይፕና ከሚዛን ለሚያነቡ ፕሮግራሞች

ድሬዳዋ ላለ የቡና መጋዘን ፕሮግራም ስትጽፉ ዳታው ከብዙ በኩል ይመጣል፦ ዲስክ ላይ ካለ ዝርዝር፣ ሠራተኛው ከሚተይበው፣ ከሌላ ፕሮግራም፣ በሲሪያል ገመድ ከተያያዘው ዲጂታል ሚዛን። ሊኑክስ ላይ ሁሉንም የምታነቡት «ሪድ» በሚባለው አንድ ጥሪ ነው። «አለቀ» የሚለው መልስም አንድ ነው፤ ዜሮ ባይት። ዜሮው የሚመጣበት ምክንያት ግን በየመሣሪያው ይለያያል።

መጀመሪያ መልሱን በትክክል ለዩ። ከዜሮ በላይ ከሆነ ያን ያህል ባይት ደርሷል ማለት ነው። 4096 ጠይቃችሁ 700 ቢመጣ አለቀ ብላችሁ አትውጡ፤ ደግማችሁ ጠይቁ። በዩቲኤፍ-8 የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ 4096 ደግሞ ለ3 እኩል አይካፈልም፤ ስለዚህ በባፈሩ (ያነበባችሁት ለጊዜው በሚቀመጥበት ቦታ) ጫፍ ላይ የተቆረጠ ፊደል ካለ ትርፉን ለቀጣዩ ንባብ አቆዩት። መልሱ -1 ከሆነ የስህተት ቁጥሩን እዩ። ሊኑክስ ላይ 4 «ተቋርጫለሁ፣ ድገም»፣ 11 ደግሞ «ለጊዜው የለም» ነው፤ ሁለቱም ማለቅ አይደሉም።

ዲስክ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) የፋይሉን ርዝመት ያውቃል፤ እዚያ ስትደርሱ ዜሮ ይመልሳል። ፋይሉ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ምልክት የለም።

ዊንዶውስ ላይ ግን አማርኛ ጸሐፊን ለይቶ የሚይዝ ወጥመድ አለ። ኖትፓድ ላይ «የአሚር ኑር መቃብር ሐረር ጁገል ውስጥ ነው» ብላችሁ ጻፉና በዩቲኤፍ-16 ኤልኢ (ፊደሉን በሁለት ባይት፣ ትንሹን አስቀድሞ በሚጽፈው አሠራር) አስቀምጡት። ከዚያ በሲ ቋንቋ በጽሑፍ ሞድ ከፍታችሁ አንብቡት። ንባቡ «የአ» ላይ ይቆማል። «ሚ» በዩቲኤፍ-16 ኤልኢ 26 እና 18 የሚባሉ ሁለት ባይቶች ናት፤ 26 ደግሞ ኮንትሮል ዜድ ነው። ከዶስ በፊት የነበረው ሲፒኤም የሚባል ስርዓተ ክወና የፋይልን መጠን በ128 ባይት ብሎክ ብቻ ይመዘግብ ስለነበር ጽሑፉ የት እንደሚያበቃ በ26 ያመለክት ነበር፤ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ዶስ ወረሰው፣ የዊንዶውስ የሲ ላይብረሪም እስከዛሬ ያከብረዋል። «የሚ» የማይገኝበት የአማርኛ ገጽ ፈልጉ እስቲ! መፍትሔው ፋይሉን በባይነሪ ሞድ፣ ማለትም በ«አርቢ» መክፈት ነው። በዩቲኤፍ-8 ብታስቀምጡትም «ሚ» 225፣ 136፣ 154 ስለምትሆን ችግሩ አይነሳም።

ያው ፋይል ሌላም ጉድ አለው። መነሻው ላይ የባይቶቹን ቅደም ተከተል የሚያመለክቱ 255 እና 254 አሉ። አንድ ባይት የሚያነበው የሲ ተግባር «ጌትሲ» ፋይሉ ሲያልቅ -1 ይመልሳል፤ መልሱን አንድ ባይት ብቻ በሚይዘው «ቻር» ከያዛችሁ 255 ወደ -1 ይለወጥና ፋይሉ ከመነሻው ባዶ ይመስላል። «ቻር» አሉታዊ ቁጥር በማይዝበት የአርም ሊኑክስ ላይ ደግሞ -1 ፈጽሞ አይገኝም፤ ሉፑ አይቆምም። ሰፋ ባለው «ኢንት» ያዙት።

ተርሚናል ላይ ኮንትሮል ዲ ለፕሮግራሙ የሚደርስ ባይት አይደለም። «እስካሁን የተተየበውን አሁኑኑ ስጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። መስመሩ ባዶ ከሆነ የሚሰጠው ዜሮ ባይት ነው። መስመር መሃል ላይ ሁለት ጊዜ መጫን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዊንዶውስ ላይ በመስመር መጀመሪያ ኮንትሮል ዜድ፣ ቀጥሎ ኢንተር ነው።

ፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው የሚያስተላልፍ ቧንቧ) ዜሮ የሚሰጠው የመጻፊያው ጫፍ ቅጂዎች በሙሉ ሲዘጉ ነው። ፕሮግራማችሁ ተንጠልጥሎ ከቀረ ብዙ ጊዜ አንባቢው ራሱ የመጻፊያውን ጫፍ ከ«ፎርክ» (ፕሮግራሙን ለሁለት ከሚያባዛው ጥሪ) በኋላ ሳይዘጋ ቀርቷል። ዊንዶውስ ላይ ላኪው ሲዘጋ የሚመጣው ስህተት 109 ነው፤ እንደ ብልሽት ሳይሆን እንደ ማለቅ ቁጠሩት።

ሚዛኑ መጨረሻ የለውም። በመስመሩ ቅንብር «ቪሚን»ን (ዝቅተኛውን የባይት ብዛት) 0፣ «ቪታይም»ን (የመጠበቂያውን ጊዜ በሰከንድ አሥረኛ) 5 ካደረጋችሁ ግማሽ ሰከንድ ዝም ሲል ዜሮ ይመጣል፤ ጆንያው ገና ሚዛኑ ላይ ሳይወጣ ፕሮግራሙ ይዘጋል። እዚህ ዜሮን እንደ ዝምታ ውሰዱት፣ ልኬቱን በመስመር ማብቂያው ቁረጡ፣ ሚዛኑ በዩኤስቢ መለወጫ ከተያያዘ ደግሞ መለወጫው መነቀሉን በ«ፖል» (መስመሩን በሚጠባበቀው ጥሪ) የሃንግአፕ ምልክት እዩ።

ሶኬት (በኔትወርክ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መስመር) ላይ ዜሮ ማለት ወዲያኛው ወገን በሥርዓት ዘግቷል ማለት ነው። እዚያ መብራት ድንገት ከጠፋ ግን የሚላክ ነገር ስለሌለ ንባቡ እየጠበቀ ይቀራል። ኪፕአላይቭ (ወዲያኛው ወገን መኖሩን የሚፈትሽ ቅንብር) ብትከፍቱም ሊኑክስ ነባሪ ቅንብሩ ካልተነካ መመርመር የሚጀምረው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የንባብ ገደቡን ራሳችሁ፣ ለምሳሌ 30 ሰከንድ ብላችሁ አስቀምጡ።