ጦስኝ ባክቴሪያ ይገድላል ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደጋ ላይ በእግሩ የሄደ ሰው፣ መንዝም ይሁን ባሌ፣ ጦስኝን መጀመሪያ የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ሲረገጥ ያውዳል። ያ ሽታ ተናኝ ዘይቱ ነው። በዘይቱ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ውህዶች የባክቴሪያን ሽፋን ያፈርሳሉ። ታይሞል አንዳንድ የአፍ መጉመጥመጫ ውስጥም ይገባል። እስከዚህ ጭቅጭቅ የለም። ስህተቱ ከዚህ በኋላ ነው።

ትልቁ ስህተት ሻዩንና ዘይቱን አንድ ማድረግ ነው። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ጦስኝ በእንፋሎት የሚወጣው ዘይት ጥቂት የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ላይ የሚሞክሩት ይህንን ነው። እኛ ስኒ ውስጥ የምንጨምረው ደግሞ ቆንጠር አድርገን ነው። ሻዩ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ እኔም ጠዋት ያለሱ አልወጣም። አንቲባዮቲክ ግን አይደለም።

ክዳን ከፍቶ ማንተክተክም አለ። ቤቱ በመዓዛ ሲሞላ ደስ ይለናል፤ ቤቱን የሞላው ግን ከስኒው ያመለጠው ነው። ውሃው ሲፈላ አውርዱት፣ ቅጠሉን ጨምሩና ከድናችሁ ትንሽ ጠብቁ።

ሦስተኛው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የሞተ ባክቴሪያ ሰው ውስጥም ይሞታል ብሎ መደምደም። ሙከራው እንዲህ ነው። እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ ባክቴሪያ ይቀባል። ዘይት የነካች 6 ሚሊ ሜትር ክብ ወረቀት ትቀመጥበታለች። በማግስቱ በወረቀቷ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ቀለበት ከታየ ዘይቱ ሠርቷል፤ እዚያች ሳህን ላይ። በረኪናም እኮ ቀለበት ይሠራል! ሰው ውስጥ ሲገባ ጨጓራ አለ፣ ጉበት አለ፣ ብዙ ሊትር ደም አለ። ዘይቱ ባክቴሪያው ያለበት ቦታ የሚደርሰው ስንት ሆኖ ነው?

ቀለበቱን በማስመሪያ ለክቶ ከአንቲባዮቲክ ጋር ማወዳደርም ተማሪዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። ዘይትና ውሃ አይስማሙም፤ ስለዚህ ዘይቱ በእርጥቡ ጄሊ ውስጥ እንደ ልቡ አይሰራጭም። በዚያ ላይ ይተናል። የሚሻለው ዘይቱን እያቀጠኑ፣ ባክቴሪያው እንዳይራባ የሚያደርገውን ትንሹን መጠን መፈለግ ነው። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነም ይጠየቅ። ስታፊሎኮከስ አውሬስ አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ይረታል። ሱዶሞናስ ግን ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላለው ያስቸግራል።

ያልቀጠነ ዘይት ቆዳ ላይ አትቀቡ፣ ያቃጥላል። መዋጥማ አይታሰብም፤ ለሕፃን ደግሞ ጨርሶ። ጦስኝ ጀምሬያለሁ ብሎ የቲቢ መድኃኒት ማቋረጥ ከሁሉም የከፋ ነው፤ መድኃኒቱን የለመደ ቲቢ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ጦስኝ ሁሉ አንድ ነው ማለትም ልክ አይደለም። እኛ ጋ ቲመስ ሺምፐሪና ቲመስ ሴሩላተስ የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች አሉ። የዘይታቸው ቅመራም እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ይለያያል። ስለዚህ የአንዱን ቦታ ውጤት ለሌላው ማውረስ አያስኬድም።

ጉሊት ስትገዙ ደግሞ እስሩን ገልበጥ አድርጉት። ሥሩ ከነአፈሩ ከተንጠለጠለ ተነቅሎ የመጣ ነው፤ ያ ቦታ ለከርሞ ጦስኝ አይሰጥም። ከላይ ከላይ የታጨደውን ምረጡ።