ኩላሊት ሲታመም የሚመጣው ማሳከክ፦ ምን ይደረግ?

ቤታችሁ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ካለ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ እሱ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ይፈትጋል። ሽፍታ የለውም፣ ግን ያሳክከዋል። ፋርማሲ ስትሄዱ "አለርጂ ይሆናል" ተብሎ ሴትሪዚን ይሰጣችኋል። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚል ነገር የለም።

መጀመሪያ እከክ አለመሆኑን አጣሩ። ልጆቹንም የሚያሳክካቸው ከሆነ፣ በተለይ በጣቶቻቸው መሃል፣ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል ለዚህ የታወቀ ነው።

ካልሆነ ከቆዳው ጀምሩ። የኩላሊት ታማሚ ቆዳ ይደርቃል፣ ነፋስና አቧራ በማይጠፋባቸው እንደ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ይብስበታል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ፣ የመጣ ቀን በሚያቃጥል ውሃ ረጅም ሰዓት መታጠብ ያምራል፤ ይቅርባችሁ። ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ይታጠብ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና ይበቃዋል። በፎጣ አትፈትጉት፤ ቆዳው እርጥብ እያለ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ያለው ቅባት ቀቡት። ባይታጠብም ጠዋትና ማታ ይቀባ። ፊስቱላ (ለዲያሊስስ፣ ማለትም ደምን በማሽን ለማጣራት፣ በቀዶ ሕክምና የተዘጋጀ ደም ሥር) ያለበት ክንድ ላይ መርፌ የሚገባበትን ቦታ ግን የዲያሊስስ ቀን ቅባት አታስነኩት። ጥፍሩንም ቁረጡለት። ጎረቤት "ውሃ ጠጣበት" ቢለው ደግሞ አይስማ፣ ዲያሊስስ ላይ ላለ ሰው ትርፍ ውሃ ሳንባ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል።

ቀጥሎ ፎስፈረስ፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚከማች፣ ማሳከኩንም ሊያባብስ የሚችል ከምግብ የሚገኝ ማዕድን ነው። ዱለት፣ ጉበትና ኮካ ይቀነሱ። ሐኪሙ ካልሲየም ካርቦኔት ወይም ሴቬላመር ካዘዘለት ከምግብ ጋር ይዋጥ፤ መድኃኒቱ ፎስፈረሱን የሚይዘው አንጀት ውስጥ አብረው ሲገናኙ ነው፣ ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢውጠው ብሩን ጣለው ማለት ነው። እኔ ብሆን ከጨው ዕቃው አጠገብ ነው የማስቀምጠው።

ዲያሊስስ በተለምዶ በሳምንት 3 ጊዜ፣ አራት አራት ሰዓት ነው። ገንዘብ ሲያጥር 2 ይሆናል፣ ከከተማ ዳር የሚመጣ ሰው ደግሞ ታክሲ እንዳያመልጠው ሰዓቱ ሳይሞላ "ንቀሉኝ" ይላል። እባካችሁ አስጨርሱት፣ ያልወጣ ቆሻሻ ማሳከኩን ሊያባብሰው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተሻለው ጋባፔንቲን ስለሚባለው የነርቭ ሕመም መድኃኒት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ይህን ማሳከክም ሊያስታግስ ይችላል። ብዙ ጊዜ በ100 ሚሊ ግራም፣ ከዲያሊስስ በኋላ ይጀመራል። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፤ መጠኑ ከበዛ ሰውየው ይደነዝዛል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። ስለዚህ ጎረቤት ለወገቡ ከታዘዘለት ላይ መዋስ የለም። ዲፌሊኬፋሊን የሚባል ለዚሁ ማሳከክ የተሠራ መርፌም እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፣ ግን ለጊዜው ተስፋችሁን እሱ ላይ አትጣሉ።

ብዙ ታማሚ "ይህማ ትንሽ ነገር ነው" ብሎ ለሐኪሙ አይናገርም። እናንተ ንገሩለት፦ ከ0 እስከ 10 ስንት ያህል እንደሚያሳክከው፣ በሳምንት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳው። ያከከው ቦታ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም የፊስቱላው ክንድ ከቀላ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ የዚያኑ ቀን ውሰዱት።