ከርማ የተነሳች ሞተር ስታስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ስድስት ወር፣ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ግቢ ውስጥ ቆማ የከረመች ሞተር "ትነሳለች ግን አትሄድም" ከተባለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ዕቃ የለም፤ የተደፈነ ነገር ነው ያለው። የት እንደተደፈነ የሚጠቁመው ደግሞ የምታስቸግርበት ሰዓት ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጣት በዝግታ ስትሠራ) ነው? ነዳጅ ሲሰጣት ነው? ወይስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ? ይህን ሳይለዩ አዲስ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ለመግዛት መሮጥ ገንዘብ መጣል ነው።

እዚህ የምናወራው ከ100 እስከ 200 ሲሲ ስላላቸው፣ ባለ አንድ ሲሊንደር የካርቡሬተር ሞተሮች ነው፤ ቦክሰሯ፣ ቲቪኤሷ፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ መጋዘን የገባችው ያማሃ ኤጂ።

መጀመሪያ ነዳጁ

ቤንዚን ሲቆም ቀላል ቀላሉ ይተናል፤ ለማቀጣጠል የሚረዳው ደግሞ እሱ ነው። የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሃደ ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ሳልቫትዮ (የነዳጅ ታንክ) ሙሉ ነዳጅ ቀስ ብሎ ይበላሻል። ካርቡሬተሩ ጎድጓዳ (ታች ያለው የነዳጅ መያዣ) ውስጥ ያለው ግን ጥቂት ማንኪያ ስለሆነ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ደርቆ ቡናማ ቅርፊት ይሠራል።

ከሳልቫትዮው ጥቂት ቀድታችሁ በብርጭቆ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ያዙት። ሻይ ከመሰለና ሽታው ቤንዚን መሆኑ ቀርቶ የእንጨት ቫርኒሽ ከሆነ አልፎበታል። ታች እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካያችሁ ውሃ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ሙሉ በሙሉ ቀድታችሁ አውጡት፤ "አዲስ እንጨምርበትና ይቀላቀል" የሚለው ቁጠባ ሙጫውን ወደ ካርቡሬተሩ ማውረድ ብቻ ነው። ከዚያ ሁለት ሊትር ትኩስ ቤንዚን በቂ ነው፤ ገና ስትፈትሹ ሞልታችሁ አትቅዱ። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ሲጋራ ይጥፋ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ።

ሳልቫትዮው ውስጥ በባትሪ መብራት ስታዩ ዝገት ካለ፣ አውርዱትና ሩቢኔታውን (የነዳጅ መክፈቻና መዝጊያውን) ፍቱ፤ ቀዳዳውንም ድፈኑ። አንድ እፍኝ ዳዶ (የብሎን ፍሬ) እና አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ጨምራችሁ ደጋግማችሁ ነቅንቁት። ዳዶዎቹን ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ። የሩቢኔታውን ወንፊት አጥባችሁ፣ የነዳጅ ፊልትሮውን በአዲስ ቀይሩ።

"በቾክ ትነሳለች፤ ቾኩ ሲመለስ ትጠፋለች"

ከርማ የተነሳች ሞተር ዋናው ምልክት ይሄ ነው። ሚኒሞ ላይ ነዳጅ የሚያልፈው የሚኒሞ ጂግለር በምትባል፣ የትንሽ ብሎን መጠን ባላት ነሐስ በኩል ነው። የቀዳዳዋ ስፋት በብዙዎቹ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሙጫ ለመዝጋት ብዙ አይፈጅበትም። ቾክ ሲሳብ ድብልቁ በሌላ መንገድ ስለሚወፍር ሞተሯ ትኖራለች፤ ቾኩ ሲመለስ ግን የምትመገበው ያጣል። ነዳጅ በብዛት ሲሰጣት ደህና ከሆነችና ስትለቋት ከጠፋች ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠነክራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት የሚኒሞውን ብሎን አጥብቆ "ቆመች" ማለት ነው። የቆመችው ነዳጅ መስጫው ስለተከፈተ እንጂ ጂግለሩ ስለጸዳ አይደለም። ያን ጊዜ ደግሞ ስትለቋት ቶሎ አትወርድም፤ ዝም ብላ ትጮኻለች።

መፍትሄው ካርቡሬተሩን ማውረድ ነው። ሩቢኔታውን ዝጉ፤ ጎድጓዳው ታች ያለችውን ብሎን ፈትታችሁ የቀረውን ነዳጅ አፍስሱ። ጎድጓዳው በሦስት ወይም በአራት ብሎን ነው የተያዘው፤ ተጣብቀው ስለሚከርሙ ጭንቅላታቸውን በትክክል የሚሞላ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ጓርኒሲዮኑን (በመሃል ያለውን ማሸጊያ) እንዳትቀዱ ቀስ ብላችሁ አላቁት።

ስትከፍቱት መሃል ላይ ሁለት ጂግለር ታያላችሁ። ትልቁ ዋናው ነው። ከጎኑ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የገባው ቀጭኑ የሚኒሞው ነው፤ ካቻቢቴ የሚገባበት ጎድጎዱ ከተበላ ማውጣት ፈተና ነው፣ ስለዚህ እንቢ ካለ አትታገሉት፤ ማጽጃ ስፕሬይ ነፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከወጣ በኋላ ወደ ሰማይ አንስታችሁ በአንድ ዓይን እዩበት። ንጹሕ ከሆነ ክብ የብርሃን ነጥብ ይታያል። ምንም ካልታየ ተገኘ ማለት ነው፤ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ብርሃን ከታየም አልጸዳም።

መርፌ፣ የብረት ሽቦና የእንጨት ስንጥር አትክተቱበት። ብረት ነሐሱን ይፍቃል፤ ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ ሞተሯ ለዘለዓለም ከሚገባው በላይ ትጠጣለች። ስንጥር ደግሞ ውስጥ ይሰበራል። ከተለመደው የመብራት ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር ምዘዙ፤ ከነሐሱ ስለምትለሰልስ አትጎዳውም። ጂግለሩን ማጽጃ ውስጥ አሳድሩት፣ በክሯ ግፉት፣ ከዚያ ጎሚስታ ቤት ባለው ኮምፕሬሰር ንፉት። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ፤ የካርቡሬተር ማጽጃ ዓይን ውስጥ ሲገባ ቀልድ የለውም።

ጂግለሩ ብቻ ጸድቶ ካርቡሬተሩ ከተገጠመ ግን ሥራው ግማሽ ነው። ሙጫው አካሉ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን መንገዶችም አለ። ከውጭ ያለችውን የድብልቅ ማስተካከያ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ወደ ውስጥ አዙሯትና እስክትነካ ስንት ዙር እንደሄደች ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ዙር ነው። ስትነካ አታጥብቋት፣ ጫፏ ይጎዳል። ስትወጣ ከኋላዋ ሞላ፣ ቀጭን ዋሸርና ኦሪንግ (ትንሽ የጎማ ቀለበት) በዚህ ቅደም ተከተል አሉ። ኦሪንጓ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርታ ሳታዩ አየር ከነፋችሁ ጎረቤት ግቢ ነው የምትፈልጓት። ከዚያ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ስፕሬይ ንፉና በሌላኛው በኩል መውጣቱን አረጋግጡ። ካልወጣ መንገዱ ገና ዝግ ነው።

ከስፕሬዩ በፊት ጎማ የሆነ ነገር ሁሉ ይውጣ። ማጽጃው ኦሪንግንና ስስ ጎማን ያሳብጣል።

ስትገጥሙ ብሎኗን በጻፋችሁት ዙር መልሱ። ሞተሯን አሥር ደቂቃ ካሞቃችሁ በኋላ ብቻ በሩብ ሩብ ዙር አስተካክሉ።

"ሚኒሞዋ ደህና ነው፤ ነዳጅ ሲሰጣት ታንቃለች"

አሁን ጥርጣሬው ወደ ዋናው ጂግለርና ከላይ ወዳለው ክፍል ይሄዳል። በብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ካርቡሬተሩ አናት ላይ ክዳን አለ፤ ከሥሩ ስስ ጥቁር ጎማና ከሱ ጋር የሚወጣ ሲሊንደር ይገኛል። ጎማው ከተቀደደ ሲሊንደሩ አይነሳም፤ የፈለጋችሁትን ያህል ነዳጅ ብትሰጡ ሞተሯ ከተወሰነ ፍጥነት አታልፍም። ጎማውን ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩ፤ የመርፌ ቀዳዳ ያህል እንኳ በቂ ጥፋት ነው። ማጣበቂያ ቤንዚን ላይ አይቆይም፣ ይቀየር።

ጎማው ደህና ከሆነ ሲሊንደሩን በጣት አንስታችሁ ልቀቁት። ያለ ምንም መያዝ መውረድ አለበት።

የአየር ፊልትሮውንም ክፈቱ። የከረመ ስፖንጅ በጣት ሲነካ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪውም ወደ ካርቡሬተር ይሄዳል። አይጥም ይህን ሳጥን ትወደዋለች፦ ጨርቅ፣ ገለባ፣ የበቆሎ ፍሬ ሁሉ ይወጣል። ስፖንጁ ጤነኛ ከሆነ በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ጥቂት የሞተር ዘይት አጠጥታችሁ ጭመቁት። የወረቀት ዓይነቱ አይታጠብም። ማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን) ጫፉ ላይ በመብራት እዩት።

"ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዳ ትጠፋለች፤ ቆይታ ትነሳለች"

ብዙ ጊዜ ነዳጅ እየደረሳት አይደለም። ሩቢኔታውን ክፈቱና የጎድጓዳውን ብሎን አላልታችሁ የሚወርደውን ጠርሙስ ውስጥ ተቀበሉ። ሳይቋረጥ መውረድ አለበት። ጀምሮ ወደ ጠብታ ከወረደ የሳልቫትዮውን ክዳን ክፈቱ። ወዲያው ከበረታ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ነዳጁ ሲወርድ የሚተካው አየር አጥቷል። ክዳኑን አጽዱ፣ አለቀ። ክዳን ሲከፈትም ካልበረታ ወንፊቱ ወይም ፊልትሮው ነው።

አወራረዱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሞቃ ስትጠፋ ግን ወዲያው ካንዴላውን ከታች "ትቆራረጣለች" ሥር እንዳለው ፈትሹ። ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚልከው ክፍል) ሲሞቅ እሳት መስጠት የሚያቆምበት ጊዜ አለ።

"ነዳጅ ታፈሳለች"

ከካርቡሬተሩ ቀጭን ቱቦ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ነዳጁን የምትዘጋው መርፌ ተጣብቃለች ወይም ሥሯ ቆሻሻ ይዟል። ጎድጓዳውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ አንዳንዴ ይፈታታል። ካልሆነ ከፍታችሁ የመርፌዋን ሾጣጣ ጫፍ እዩ፤ ዙሪያዋን ቀለበት የመሰለ ጭረት ካለ ትቀየር። ሌሊት ስታፈስ አድራ ከሆነ የሞተር ዘይቱን አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ አታስነሷት፤ የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታና ፒስተን ይበላል። ዘይቱ ይቀየር፤ በዚህ መጠን ባሉ ሞተሮች አንድ ሊትር ገደማ ነው፣ ልኩን በመለኪያው እዩ።

"ትቆራረጣለች"

ካንዴላውን ፍቱ፣ ገመዱ ጫፍ ያለው ኮፍያ ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ላይ አስጠጉ፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን አርቁት፣ የሚወጣው ቤንዚን ይያያዛል። የማስነሻ ፔዳሉን ስትረግጡ ሰማያዊና ጠንካራ እሳት ከታየ ጥሩ ነው። ቀላ ያለና ቀጭን ከሆነ ካንዴላውን ቀይሩ፤ ክፍተቱ 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። አሁንም ደካማ ከሆነ ኮፍያውን ከገመዱ አዙራችሁ አውጡ። የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ ከሆነ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ መልሱት። የማጥፊያ ቁልፉም በእርጥበት ይበላሻልና ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አድርጉት።

ባትሪው ሞልቶ ካደረ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት። ባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ በግማሽ አምፔር ነው የሚሞላው፤ በመኪና ቻርጀር ማፋጠን ይገድለዋል። ሞልቶ አድሮ ከ12.4 ከወረደ ዕድሜው አልቋል። ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ የተጣራ ውሃ ብቻ ጨምሩ። ሞተሯ ተነስታ ነዳጅ ሲሰጣት ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ካልታየ ግን ጥፋቱ ቻርጅ ማድረጊያው ጋር ነው።

"ስትለቋት ሚኒሞዋ አይወርድም፤ ማርሚታው ይተኩሳል"

ካርቡሬተሩን ከቴስታታ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ አየር ይስባል። ሞተሯ እየሠራች የሳሙና ውሃ በዙሪያው ርጩ። ድምፅዋ ከተለወጠ ተገኘ። ነዳጅ የሚስበው ካቦም ዝጎ ይይዛል፤ መሪውን ግራና ቀኝ ስታዞሩ ድምፅዋ ከጨመረ ካቦው ነው።

"ጉልበት አነሳት"

ካርቡሬተሩን ከመንካታችሁ በፊት በመሃል መቆሚያዋ አቁሟትና ጎማዋን በእጅ አሽከርክሩ። የከረመ የከበሮ ፍሬን ዝጎ ይይዛል፤ ሰንሰለቱም ደርቆ ይጠነክራል። ማርሽ ሲገባ ዘልላ ከጠፋች ደግሞ የፍሪሲዮኑ ሳህኖች ተጣብቀዋል። ሞተሯን አሞቁ፣ አጥፏት፣ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን እንደጨበጣችሁ ወዲያና ወዲህ ግፏት። ብዙ ጊዜ ጥርት ባለ ድምፅ ይላቀቃል።

የማስነሻ ፔዳሉ ሲረገጥ ምንም የማይቋቋም ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ደርቋል ወይም ቫልቭ ተይዟል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ ይደር፤ ጠዋት ካንዴላውን ሳትመልሱ አሥር ጊዜ ቀስ ብላችሁ ርገጡ።

ባለ ሁለት ምት ከሆነች

ኤጂ 100ና የቀድሞዎቹ ዲቲ 125 ዘይትና ቤንዚን አብረው የሚያቃጥሉ ናቸው። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ነጭ ጭስ የተጠራቀመ ዘይት ስለሆነ አያስፈራም። ከሩብ ሰዓት በኋላም ካልቀነሰና የማርሽ ዘይቱ እየጎደለ ከሄደ ግን የክራንኩ ዘይት መያዣ ጎማ ደርቋል፤ ይህ የመካኒክ ሥራ ነው።

ከጥገናው በኋላ

አሥር ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ካንዴላውን ፍቱ። ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷታል፤ እንዲህ ሆና መንዳት ፒስተን ያቃጥላል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቶባታል፤ ቾኩ በትክክል መመለሱንና የአየር ፊልትሮውን እዩ። ሁለቱም ደህና ሆነው ጥቁረቱ ካልጠፋና ሞተሯ ከሰመራ ወይም ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የመጣች ከሆነ ምክንያቱ አየሩ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል ካለው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ነዳጁ ግን ለቆላው የተመጠነ ነው። ዋናውን ጂግለር በአንድ ቁጥር ባነሰ ቀይራችሁ አሥሩን ኪሎ ሜትር እንደገና ንዱ። የድሮውን አትጣሉት፤ ወደ ቆላ ስትመለስ ያስፈልጋል።