ሴራሚክና ላሚኔት በር ላይ ሲገናኙ

ሳሎኑን ላሚኔት (እንጨት መሰል ተገጣጣሚ ወለል)፣ ኮሪደሩን ሴራሚክ ልታደርጉ ነው? እንግዲያው ሊሾው (ከስር ያለው የሲሚንቶ ወለል) ከመፍሰሱ በፊት ከፍታውን አስሉ። 8 ሚሊ ሜትር ላሚኔት ከስሩ ከሚነጠፈው ፎም ጋር 10 ወይም 11 ይሆናል፤ ሴራሚኩ ግን በወፍራም የሲሚንቶ ሙሌት ከተነጠፈ 3 ሴንቲ ሜትርም 4ም ሊነሳ ይችላል፣ ይሄን ልዩነት ደግሞ በኋላ የትኛውም ፕሮፋይል (መገናኛውን ከላይ የሚሸፍነው ቀጭን ዘንግ) አይሸፍንላችሁም።

መገናኛው በሩ ሲዘጋ ልክ ከመዝጊያው ስር ይሁን። ከየትኛውም ክፍል ስታዩት የሌላው ወለል ብቅ ማለት የለበትም።

ዋናው ነገር ክፍተቱ ነው። ላሚኔት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ስለዚህ ከሴራሚኩ ጠርዝ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ራቅ ይበል። ባለሙያው «አስጠግቼ ልግጠመው፣ ያምራል» ቢላችሁ በፍጹም እሺ አትበሉ፤ በክረምት መሄጃ ሲያጣ መሃሉ ላይ ያብጥና ስትረግጡት ይንቀጠቀጣል። ክፍተቱን በሲሚንቶ መሙላትም ያው ነው።

ከላይ ፕሮፋይል ይሸፍነዋል። ከፍታው እኩል ከሆነ የቲ ቅርጽ ያለው፣ ትንሽ ከተበላለጠ ተዳፋቱ። ሊሾውን በትራፓኖ ብሱና ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ ውታፍ) አስገብታችሁ እዚያው ክፍተቱ ውስጥ እሰሩት፣ ላሚኔቱን አትንኩት። በሩ ፕሮፋይሉን እንዳይጭር መጀመሪያ ከስሩ ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ካነሰ መዝጊያው ተነቅሎ ከታች ይላግ።